የሐረገወይን ዋስ

ሐረገወይን ጎንደር አራዳ፣ ከጠቅላይ ግዛቱ ቢሮ ደረጃ ላይ፣ አንድ እግሯ በላይኛው አንድ እግሯ በታችኛው እርከን ቆማለች። ከፊቷ ያሉት ጸሐፊው አቶ ባዬ ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ፣ ክፋት ያልፈጠረባቸው ሰው።

«እንግዲህ ልጄ፣ ደስ ይበልሽ!» አሏት። «ሆላንድ አገር ለሁለተኛ ዲግሪ ተመርጠሻል። የሕዝብ አስተዳደርና ፖሊሲ! ከበጌምድር ሴት አንቺ ብቻ ነሽ። የቀረሽ አንድ ነገር ነው።»

«ምን ቀረኝ?»

«ዋስ ነዋ። ተምራ ትመለሳለች ብሎ የሚይዝልሽ ሰው። ርስቱ በስሙ የተጻፈ፣ መንግሥት ሲፈልገው የሚያገኘው። እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ካልቀረበ ቦታው ለተጠባባቂው ይሰጣል።»

«አባቴ አለ!»

አቶ ባዬ አንገታቸውን ደፉ። «አያ ዳኛውማ ሸጋ ሰው ናቸው። ግን የኮሶዬው መሬት የወንድማማች ርስት ነው። በስማቸው ለብቻው የተጻፈ አንድ ጋት የለም። አይያዝም ልጄ።»

ሐረገወይን ለሰው መልስ የምታጣ ልጅ አልነበረችም። ከኮሶዬ ብርድ ወርዳ ጎንደር የተማረች፣ አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ይዛ የተመለሰች፣ በዚሁ ቢሮ ወንዶቹ ጸሐፊዎች «ይቺ ምላሷን በሞረድ ነው የምትስል» የሚሏት ናት። ለትምህርት የተንገበገበችውም ወድዳ አልነበረም። አንድ ጊዜ ገበሬው የመጸዳጃ ጉድጓድ ይቆፍር የሚል ትእዛዝ ከዚህ ቢሮ ወጣ። ቀጭን ትእዛዝ ነበር፤ ለጤና። ገጠር ሲደርስ ግን ገበሬው «የእህል ጉድጓዳችን ሊፈተሽ ነው» ብሎ እህሉን በየዱሩ አሸሸ፣ ዝናብም በላው። ሹሞቹ «የማይገባው ሕዝብ!» ብለው ተሳደቡ። ሐረገወይን ግን በዚያ ቀን እራት አልበላችም። ትእዛዙ በመንገድ ላይ ምን ነካው? ከማን እጅ ወደ ማን እጅ ሲተላለፍ ነው ፊቱ የተለወጠ? ይህን ሳታውቅ መሞት አልፈለገችም።

አሁን ደግሞ ያ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ተንጠለጠለ። በአእምሮዋ የመጣው ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ስሙ ገና ሳይጠራ ጉንጯ ሞቀ።

ክንዱን በቀሃ ድልድይ ላይ አገኘችው። ክንዱ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ዓይኑ ቀድሞ የሚስቅ። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነበር፤ የኮሶዬው ባላባት የፊታውራሪ ኃይለ ጊዮርጊስ ልጅ መሆኑ። ፊታውራሪ ልጃቸው ሽማግሌ እንዲልኩለት ቢለምናቸው፣ «ለዳኛው ልጅ ሽማግሌ አልክም! ብዕር የያዘች ሴት ጦር ከያዘ ወንድ ትብሳለች» አሉ። ይህ ሐረገወይን ጆሮ ሲደርስ ዝም ብትል ምን ነበረበት? ግን ሐረገወይን ናትና፣ «የእሳቸው ጦር ዝጓል፤ የእኔ ብዕር ግን ቀለሙ አልደረቀም በሉልኝ» አለች። አሉላት። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ፍቅር በድልድይና በደብዳቤ ብቻ ሆነ።

«ክንዱ፣ ተመረጥሁ» አለችው።

ዓይኑ ሳቀ። «አውቄው ነበር! እኔ ካንቺ በፊት አውቄው ነበር!»

«ዋስ ጠየቁኝ። እስከ ዓርብ።» ቀጥሎ የሚለውን ጠበቀች። «እኔ አለሁ» ይላል ብላ ጠበቀች። ሁለት ቃል ናት፤ ደሃም ሀብታምም የሚላት።

ክንዱ ግን ዓይኑን ወደ ውሃው ጣለ። ፊቱ ተለዋወጠ። እንደገና አያት፤ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። በመጨረሻም፣ «እስቲ… እኔ ልሂድ» ብሎ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ዳገቱን ወጣ። ዞር ብሎ እንኳ አላያትም።

ቀሃ ከድልድዩ ሥር ያወራል። ከላይ ያለችው ልጅ፣ ያች ምላሰኛ፣ ኮቱ ከዳገቱ እስኪሰወር ድረስ በዓይኗ ተከተለችው። ሰው ሲከዳ እንዲህ ነው የሚሄደው? በኮቱ ጀርባ ብቻ?

የአክስቷ ልጅ አልማዝ በጤና ኮሌጁ ነርስነት ትማራለች፤ ቤት ተከራይተው የሚኖሩትም አብረው ነው። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ነጭ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ እየሮጠች ገባች።

«ሐረጌ፣ ክንዱ የእንፍራንዝ ማኪና ላይ ተሳፍሮ ሄደ! ቦርሳ ይዞ!»

«ምነው እንፍራንዝ?»

አልማዝ ከንፈሯን ነከሰች። ማወቅስ ሁለቱም ያውቃሉ። ፊታውራሪ ለልጃቸው ከእንፍራንዝ የባላባት ልጅ አጭተውለታል የሚል ወሬ አራዳን ከዞራት ቆይቷል።

«እንግዲያው ዋስነት ፈርቶ ሳይሆን ሚስት አግኝቶ ነው» አለች ሐረገወይን። ሣቀች፤ ሣቋ ግን እንደ ጠማማ በር ነበር፣ አልዘጋ አልከፈት ያለ። ወረቀት ስባ ጻፈች።

«ይድረስ ለክንዱ። እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ካንተ ዝምታ በቀር የጎደለብኝ የለም። የኮሶዬ ሰው ሲዋስ እጁን ያነሣል፣ የማይዋስ ሲሆን አፉን ከፍቶ እምቢ ይላል። አንተ ሁለቱንም አላደረግህም። ለእንፍራንዟ እጮኛህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አገር የሚተዳደርበትን ልማር ስል የገዛ ልቤን ማስተዳደር እንዳቃተኝ ግን ለማንም እንዳትናገር። ሐረገወይን ዳኛው።»

ስለ ልቧ የጻፈችውን የመጨረሻ ቃል ልትሰርዘው ብዕሯን አነሣች። ወዲያው ወደ እንፍራንዝ የሚሄድ ሌላ ማኪና ጡሩምባ ከመንገዱ ጮኸ፤ አልማዝ ደብዳቤውን ከእጇ ነጥቃ ለሾፌሩ ልትሰጥ ወጣች። ከደጃፉ ግን ከእማማ ሸዋአየሁ ጋር ልትጋጭ ነበር። እማማ ሸዋአየሁ በኮሶዬ መንገድ ዳር ለመንገደኛ ምግብ የሚሸጡ፣ ለአስቤዛ ወደ አራዳ በወረዱ ቁጥር ሐረገወይንን ሳያዩ የማይመለሱ ሴት ናቸው።

«ምን ሆናችኋል? ምነው ፊታችሁ እንዲህ ጠቆረ?»

«ሐረገወይን ዋስ ተጠይቃ ጨንቋት ነው!» አለች አልማዝ እየሮጠች፤ ሌላ አልጨመረችም።

እማማ ሸዋአየሁ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ወደ ውስጥም አልገቡ። የገዙትን በርበሬ እንኳ ከባለሱቁ ዘንድ ትተው ወደ ኮሶዬ በሚወጣው ጭነት ማኪና ላይ ዘለው ተሳፈሩ። ሐረገወይን በመስኮት ስትጠራቸው አልሰሙም። ሰው ሁሉ ዛሬ ጀርባውን ነው የሚሰጠኝ ብላ አሰበች፤ የዚያን ዕለት ከልቧ ያለቀሰችውም ለክንዱ ብቻ አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት ሐረገወይን ጥበብ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከአልማዝ ጋር ወጣች። ሰው ሽንፈቱን ሊናገር ሲሄድ አምሮ መሄድ አለበት የሚል እምነት ነበራት።

«አቶ ባዬ፣ ዋስ አላገኘሁም። ቦታውን ለተጠባባቂው ስጡት» አለች፤ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ጣቶቿ ግን የነጠላዋን ጫፍ ይፈትሉ ነበር።

አቶ ባዬ የተጠባባቂውን ስም ሊጽፉ መነጽራቸውን ሲፈልጉ፣ ከግቢው ጩኸት ተሰማ። ዘበኛው «ቁሙ! ቁሙ በሕግ አምላክ!» ይላል። ሰዉ ደግሞ «አንቆምም በሕግ አምላክ!» ይላል።

ሐረገወይን ወደ ደረጃው ወጣች።

ኮሶዬ መጥቷል። ሁሉም ጋቢውን አደግድጎ፣ ዱላውን ይዞ፣ ግማሹ በእግሩ ግማሹ በጭነት ማኪና። ከፊት አባቷ አያ ዳኛው ትከሻቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል፤ እማማ ሸዋአየሁ አንድ ስልቻ ዳቦ ቆሎ ታቅፈዋል። ከመካከላቸው በትልቅ በቅሎ ላይ፣ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው የተቀመጡት ፊታውራሪ ኃይለ ጊዮርጊስ ናቸው።

አያ ዳኛው ልጃቸውን ሲያዩ ድንጋዩን ጥለው ወደ ደረጃው ሮጡ፤ እግሯ ሥር ተንበርክከውም ቀሚሷን ከቁርጭምጭሚቷ ገለጥ አደረጉ።

«አባዬ! ምን እየፈለጉ ነው?»

«ሰንሰለቱን! የት አለ ሰንሰለቱ? ፈቱሽ እንዴ ልጄ?»

«ማን አሰረኝ?»

«ዋስ ተጠይቃለች አሉ'ኮ! ያላጠፋ ሰው ዋስ ይጠየቃል? ታስራለች፣ ስንቅ ያዙላት አልኋቸው» አሉ እማማ ሸዋአየሁ፣ ስልቻቸውን ወደ ላይ እየዘረጉ። «ዳቦ ቆሎ ነው። እስር ቤት አይበላሽም።»

ሐረገወይን ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ከመሳቋ በፊት የፊታውራሪ ድምፅ ግቢውን ሞላው።

«ጸሐፊ! ወዲህ ውጣ! ይህ ዳኛው የሚባል ሰው ትናንት ከደጄ ድንጋይ ተሸክሞ ተንበረከከ። 'ልጅህን አልወዳትም፣ ጦሬ ዝጓል ብላኛለች' አልሁት። 'መውደድዎን አልለመንሁም ጌታዬ፣ ዋስነትዎን ነው' አለኝ። ዋስ ተለምኖ እምቢ ያለ ሰው በምን ፊቱ ቤተ ክርስቲያን ይስማል? ስለዚህ ስሙኝ። የዚች ልጅ ዋስ ነኝ! በርስቴም በነፍሴም ይዣለሁ! ምስክር ሁኑ!»

«ሆነናል!» አለ ኮሶዬ በአንድ አፍ።

ፊታውራሪ ከበቅሎ ወረዱ። «በል አሁን ንገረኝ። ምን አጠፋች?»

አቶ ባዬ መነጽራቸውን በመጨረሻ ከግንባራቸው አግኝተው ነበር። «ጌታዬ… ምንም አላጠፋች። ለሁለተኛ ዲግሪ ነው።»

«አንደኛው ጠፋባት?»

«የለም ጌታዬ፣ አለ። በላዩ ሌላ ልትጨምር ሆላንድ አገር ትሄዳለች። ዋሱ ተምራ እንድትመለስ ነው።»

አያ ዳኛው ድንጋዩን አዩት። እማማ ሸዋአየሁ ዳቦ ቆሎውን አዩት። ፊታውራሪ አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ተገተረ።

«እና ምንድን ነው የምትማር፣ ኮሶዬን ሁሉ ከእርሻ የሚያስነቅል?»

«የሕዝብ አስተዳደርና ፖሊሲ…» ብለው አቶ ባዬ ጀመሩ።

«እኔ ልናገር» አለች ሐረገወይን። ከደረጃው አንድ እርከን ወረደች። «ጌታዬ፣ የምማረው ከቢሮ የወጣ ቃል ገበሬው ዘንድ ሲደርስ ምን ሆኖ እንደሚደርስ ነው።»

«ምን ሆኖ ይደርሳል?»

«ከዚህ ቢሮ 'ዋስ አምጪ' የሚል ቃል ወጣ። ኮሶዬ ሲደርስ እኔ በሰንሰለት ነበርሁ።»

መጀመሪያ የሳቀው ዘበኛው ነው። ከዚያ አንድ የኮሶዬ ሽማግሌ፤ ከዚያ ሁሉም። ፊታውራሪ አልሳቁም። ጢማቸውን ይዘው ቆሙ፤ ጢማቸው ግን ተንቀጠቀጠ፤ በኋላም ከሆዳቸው የተነሣ ትልቅ ሳቅ አሸነፋቸው።

«ይቺማ እውነትም መማር አለባት!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እኛን የሚያዳምጥ ሹም ሳላይ አርጅቼ ነበር። መልካም፤ ቃሌ ቃል ነው። ግን እኔም ዘዴ አለኝ። ርስቴን ለባዕድ ልጅ አላስይዝም። ለምራቴ ግን አስይዛለሁ። ለክንዱ ትዳርና ትሂድ፤ ባል ያላት ሴት ትመለሳለች።»

ሰዉ አጉረመረመ፤ በደስታ ነው። አልማዝ ከኋላ እልል ልትል አፏን ከፈተች። ሐረገወይን በሕልሟ ስትሰማው የኖረችው ቃል ነበር። ግን ቃሉ እንዲህ ሆኖ ነው የሚመጣው? እንደ መያዣ?

«ጌታዬ፣ ስለዋስነትዎ እግርዎን ልሳም» አለች። «ለርስትዎ ማስያዣ ሆኜ ግን አልዳርም። የሚያገባኝ ሰው እንድመለስ ብሎ አያገባኝም። ደግሞም ልጅዎ እንፍራንዝ ሄዷል። ስጠይቀው ዝም ብሎኝ ነው የሄደው።»

በመጨረሻዋ ቃል ላይ ድምፅዋ ከዳት። ኮሶዬ ሁሉ ሰማው፤ ፊታውራሪም ሰሙት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያችን ልጅ ቀና ብለው አዩዋት።

«ዝም ብዬ የሄድሁት ባዶ እጄን 'አለሁ' ማለት አፍሬ ነው።»

ድምፁ ከግቢው በር ነበር። ሰዉ ተከፈለ። ክንዱ ከእግሩ እስከ ፀጉሩ የእንፍራንዝን አቧራ ለብሶ ቆሟል። ኮቱ ተቀዷል፤ ዓይኑ ግን ያው ዓይኑ ነው።

«በስሜ የተጻፈ መሬት አልነበረኝም ሐረጌ። ሁሉም የአባቴ ነው። ስለዚህ አጎቴ ዘንድ ሄጄ የእናቴን ድርሻ ለመንሁ። ማኪናው ተበላሽቶ ከማክሰኝት ወዲህ በእግሬ ነው የመጣሁ።» ከደረት ኪሱ ወረቀት አወጣ። «ይኸው፣ በስሜ ነው።»

«የእንፍራንዟስ…?»

«እንፍራንዝ ያገኘኋት ሴት አክስቴን ብቻ ናት። ጥርስ የላትም። ሰላምታሽን ግን አድርሻለሁ።»

ግቢው ፈነዳ። ሐረገወይን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ከነጠላው ሥር ሳቅና እንባ ተደባለቁባት። ደብዳቤው ደርሶታል! የመጨረሻውንም ቃል አንብቦታል!

ክንዱ ወደ ደረጃው መጣ። እርሷ ካለችበት አንድ እርከን ዝቅ ብሎ ቆመ፤ ቢሆንም ዓይኖቻቸው እኩል ሆኑ።

«አባቴ ትመለስ ብሎ ይዋስሽ። እኔ የምዋስሽ ግን እንድትሄጂ ነው» አላት። «ቃል አትግቢልኝ። ሆላንድ ብትቀሪ መሬቱ ይወሰድ። አንቺ ያልተመለስሽበት አገር መሬቱ ምን ይሠራልኛል?»

ሐረገወይን ከልጅነቷ ጀምሮ ለሁሉ ነገር መልስ ነበራት፤ ለመምህር፣ ለሹም፣ ለፊታውራሪ። ለዚህ ግን በእጇ መለሰች። የነጠላዋን ጫፍ አነሣች፤ ሌላኛውን እጇን ዘርግታ ከኮቱ በላይ የደረበውን አቧራ የጠጣ ጋቢ ጫፉን ያዘች፤ ሁለቱን አጣምራ ቋጠረች። አያቶቻችን ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ እንዳይጠፋፉ እንደሚያቆራኙት፣ እንደዚያው።

«ቁራኛዬ ነህ» አለችው በሹክሹክታ። «ማንም ሳይዘኝ፣ እኔው ነኝ የያዝሁህ። የምመለሰውም ለዚህ ነው።»

እማማ ሸዋአየሁ እልልታውን ለቀቁት። አልማዝ ተከተለች። ዳቦ ቆሎው ተፈታ፤ ለእስረኛ የተያዘ ስንቅ ለሠርገኛ እንደሚበቃ ያን ቀን ታወቀ።

ፊታውራሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዳኛው! እንግዲህ በወጉ ልጠይቅህ። ሽማግሌዎቹ እነዚሁ፣ ከነዱላቸው ቆመዋል። ልጅህን ለልጄ ስጠኝ።»

አያ ዳኛው ቀስ ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ተሸክመውት የመጡት ድንጋይ አጠገባቸው ነበር፤ በዝግታ ተቀመጡበት። ፊታውራሪ ቆመው እርሳቸው ሲቀመጡ ኮሶዬ እስከ ዛሬ አይቶ አያውቅም።

«ሸጋ ጥያቄ ነው» አሉ። «ግን ዘመድ ሳላማክር ልጅ አልሰጥም። ለእሁድ ተመለሱ።»

ፊታውራሪ ቀሉ፣ ጠቆሩ፤ ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እሁድ እመጣለሁ» አሉ እንደ ተራ ሰው። «ጠዋት ልምጣ ወይስ ከቅዳሴ በኋላ?»

«አንድ ዋስ ብቻ ነበር'ኮ የተፈለገው!» እያሉ አቶ ባዬ ወረቀታቸውን ይዘው ይጮኻሉ። «ሁለት ዋስ የት ልጻፈው? ኧረ ስሙኝ ጎበዝ!»

«ከሥር ጻፈው!» አሏቸው ፊታውራሪ ፈርመው ብዕሩን ለልጃቸው እየሰጡ። ብዕሩ የሐረገወይን ነበር፤ ፊታውራሪ ይህን አይተው ብዕሩን አንድ ጊዜ ገለበጥ አድርገው ተመለከቱት፣ «እውነትም አልደረቀም» አሉ ለራሳቸው።

ክንዱ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለ። ቋጠሮውን የፈታው የለም፤ ይፈታ ያለም የለም። ስሙን ሲጽፍ ጋቢው ነጠላውን ይስበዋል፣ ነጠላው ትከሻዋን። ሐረገወይን ወረቀቱን አላየችም። ዓይኗን ጨፍና ቆመች፤ እያንዳንዱ ፊደል ሲወጣ ትከሻዋ ላይ በቀስታ ሳብ ሲያደርጋት ተሰማት፤ ስሙ ባያልቅ፣ ክንዱ ቢያንስ የሰባት አያቶቹን ስም እያከታተለ ቢጽፍ ብላ ተመኘች።